የፋሲል ግንብን ማን ሠራው?

በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ ለቤተሰቦች የቀረበ ንግግር



የበዓሉ አዘጋጆች ስለ አንድ የአገራችን ቅርስ እንድናገር ሲጋብዙኝ ምርጫውን ለእኔ ተዉልኝ። እኔም የጎንደሩን የፋሲል ግንብ መረጥኩ። የግንቡ ሥዕል በብዙዎቻችን ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ በቀን መቁጠሪያችን ላይ አለ፤ በምግብ ቤቶቻችንም አይጠፋም። ሁልጊዜ ስለምናየው ግን ስለ እርሱ ብዙ አንጠይቅም። የሚጠይቁን ልጆቻችን ናቸው። እዚህ ኬንያ የሚያድጉ ልጆች ከትምህርት ቤት ጋር ሞምባሳ ሄደው ፎርት ጂሰስን ይጎበኛሉ። አስጎብኚው “ይህን ምሽግ የሠሩት ፖርቹጋሎች ናቸው” ይላቸዋል። ቤት ሲመለሱ ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል እያዩ “ይህንንስ ፖርቹጋሎች ናቸው የሠሩት?” ይሉናል።

ያን ጊዜ ከመካከላችን አንዳንዱ “አዎ፣ እንደዚያ ሲባል ሰምቻለሁ” ይላል። ሌላው ደግሞ ይቆጣና “ምን ሲደረግ! የውጭ ሰው እጁን አላስገባበትም” ብሎ ይዘጋዋል። በእኔ አስተያየት ሁለቱም መልሶች ልጁን አይጠቅሙትም። የመጀመሪያው ያለንን ያስጥለዋል፤ ሁለተኛው ደግሞ ነገ መጽሐፍ ሲያነብ እኛን እንዳያምን ያደርገዋል። ስለዚህ ዛሬ ታሪኩን ከሥር ጀምረን አብረን እንየውና ለልጆቻችን የሚሆን መልስ ይዘን እንሂድ። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ ልጆቹ በትምህርት ቤት የለመዱት እርሱን ስለሆነ ነው።

ከድንኳን ወደ ድንጋይ

ከጎንደር በፊት ለረጅም ዘመን ነገሥታቶቻችን በአንድ ቦታ አይቀመጡም ነበር። ቤተ መንግሥታቸው ድንኳን ነበር። “ከተማ” የሚለው ቃላችን እንኳ “ከተመ” ከሚለው የወጣ ነው፤ ሰፈረ፣ አረፈ ማለት ነው። ከ1520 እስከ 1526 በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን በአገራችን የቆየው ፖርቹጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ይህን የድንኳን ከተማ በዝርዝር ጽፎታል። የንጉሡ ድንኳን ከመካከል ይተከላል፤ አብያተ ክርስቲያናቱ፣ መኳንንቱ፣ ዳኞቹ፣ ማዕድ ቤቱና ገበያው እያንዳንዳቸው የታወቀ ቦታ አላቸው። ሰፈሩ ተነሥቶ ሌላ አገር ሲተከል ሁሉም ቀኝና ግራውን ስለሚያውቅ ጎረቤቱን ለማግኘት አይቸገርም።

ነገሥታቱ የሚዞሩበት በቂ ምክንያት ነበራቸው። ያ ሁሉ ሠራዊትና ሕዝብ አንድ ቦታ ላይ ብዙ ከቆየ እህሉን ይጨርሰዋል፣ ደኑንም ለማገዶ ይመነጥረዋል። ደግሞም ግብር የሚሰበሰበው፣ ያመፀው የሚገታው፣ የተበደለውም ዳኝነት የሚያገኘው ንጉሡ ራሳቸው አገሩን ሲዞሩ ነበር።

ይህ ማለት ግን ኢትዮጵያውያን በድንጋይ መሥራት አያውቁም ነበር ማለት አይደለም። የአክሱም ሐውልቶችና የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ምስክር ናቸው። ከአሥራ ስድስተኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ነገሥታቱ በጣና ሐይቅ ዙሪያ ክረምትን የሚያሳልፉባቸው ቋሚ ቤቶች እየበዙ መጡ። ከ1563 እስከ 1597 የነገሡት ዐፄ ሠርፀ ድንግል እንደሠሩት የሚነገረው የጉዛራ ግንብ ከእንፍራዝ አጠገብ፣ ከጣና በላይ ባለ ኮረብታ ላይ እስከ ዛሬ ቆሞ ይታያል። ከ1607 እስከ 1632 የነገሡት ዐፄ ሱስንዮስም በጎርጎራና በደንቀዝ ግንብ አሠርተዋል። እንግዲህ ዐፄ ፋሲል ግንባቸውን ሲጀምሩ ከባዶ አልተነሡም። አባታቸው ዐፄ ሱስንዮስ ነበሩና፣ ግንብ ሲገነባ እያዩ ነው ያደጉት።

ፖርቹጋሎች መቼ መጡ፣ መቼስ ሄዱ?

አሁን ወደ ልጆቹ ጥያቄ እንምጣ። በ1541 በክሪስቶቫው ዳ ጋማ የሚመሩ 400 የሚያህሉ ነፍጠኛ ፖርቹጋሎች በምጽዋ በኩል ገቡ። አመጣጣቸው ከኢማም አሕመድ ጋር በሚደረገው ጦርነት ንጉሡን ለመርዳት ነበር። መሪያቸው ተማርኮ ተገደለ፤ ከወታደሮቹም ብዙዎቹ ሞቱ። የተረፉት ግን አብዛኞቹ እዚያው አገር ውስጥ ቀሩ፤ አግብተው ወለዱ፤ ልጆቻቸውም የአገሩን ቋንቋ ተናገሩ።

ከእነርሱ በኋላ የመጡት የጀስዊት ካህናት ናቸው። በ1603 የገባው ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ በጣም የታወቀው ነው። ቋንቋ አዋቂ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ እጁም ሥራ የሚያውቅ ሰው ነበር። በ1614 ለዐፄ ሱስንዮስ በጎርጎራ ቤት ሲሠራ ግንበኞቹን ራሱ ያሠለጥን ነበር። ፓኤዝ በ1622 ሞተ። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ተቀብለው ሕዝቡም እንዲቀበል በማወጃቸው ግን አገሩ በደም ተጨማለቀ። በመጨረሻ በ1632 ንጉሡ የቀደመውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። ዐፄ ፋሲልም ካህናቱን መጀመሪያ ወደ ትግራይ ላኳቸው፤ በ1634 ፓትርያርካቸውን አልፎንሶ ሜንዴዝን ጨምሮ ከአገር አስወጧቸው።

ልጆች፣ እዚህ ላይ ዓመታቱን ልብ በሉ። ካህናቱ የወጡት በ1634 ነው። ጎንደር የተቆረቆረችው በ1636 ገደማ ነው። ሰው ካባረረው እንግዳ ጋር ቤት አይሠራም። ስለዚህ “የፋሲልን ግንብ የሠራው የፖርቹጋል መንግሥት ነው” ወይም “የሠሩት ጀስዊቶች ናቸው” የሚለው አባባል በዘመን ቆጠራው ብቻ ይወድቃል።

ሁለቱን ግንቦች ጎን ለጎን ብናያቸው

ሁለተኛው ምስክር ራሱ ድንጋዩ ነው። እኛ እዚህ አገር የምንኖር ሰዎች በዚህ ረገድ ዕድለኞች ነን፤ እውነተኛ የፖርቹጋል ግንብ ምን እንደሚመስል ለማየት ባቡር ወይም አውቶቡስ ተሳፍረን ሞምባሳ መውረድ ብቻ ይበቃናል።

ፎርት ጂሰስ ከ1593 እስከ 1596 የተሠራ ምሽግ ነው። ንድፉን ያወጣው ጆቫኒ ባቲስታ ካይራቲ የሚባል ጣሊያናዊ የምሽግ አዋቂ ነው። ግድግዳው ወፍራም ነው፤ ማዕዘኖቹ ወደ ውጭ እንደ ቀስት ጫፍ ሾለው ይወጣሉ። እንዲህ የተደረገው የጠላት መድፍ ፊት ለፊት እንዳያገኘው፣ ከውስጥ ያለው ተኳሽም የግድግዳውን ሥር ሁሉ እንዲቆጣጠር ነው። ከባሕር የሚመጣን መርከብ እያሰበ የተሠራ፣ ከላይ እስከ ታች የጦር ቤት ነው። ያም ሆኖ በ1631 የሞምባሳው ሱልጣን ዩሱፍ ቢን ሐሰን ከእጃቸው ነጥቋቸዋል፤ ከ1696 እስከ 1698 ደግሞ የዖማን ሰዎች ከብበው በመጨረሻ ይዘውታል።

አሁን የሳሎናችሁን ሥዕል አስቡት። የፋሲል ግንብ ረጅም ነው፤ ማማውን ጨምሮ ወደ 32 ሜትር ይደርሳል። በአራቱ ማዕዘን ክብ ማማዎች አሉት፤ አናታቸው እንደ እንቁላል የሞለሞለ ጉልላት ነው። የጎንደር ሽማግሌዎች “እንቁላል ግንብ” የሚሉት በዚህ ነው። መስኮቶቹና በሮቹ ቅስት ያላቸው ናቸው፤ ከመስኮቶቹ ፊት የእንጨት ሰገነት አለ። ምድር ቤቱ የእንግዳ መቀበያና የግብር አዳራሽ ነው፤ ከላይ የጸሎትና የመኝታ ክፍሎች አሉ፤ ከማማው ላይ ሲቆሙ አየሩ ጥርት ባለ ቀን ጣና ይታያል። ይህ በመድፍ ለሚዋጋ ጦር የታሰበ ምሽግ አይደለም። ንጉሥ የሚኖርበት፣ እንግዳ የሚቀበልበት፣ ለሕዝቡም የሚታይበት ቤት ነው። ፎርት ጂሰስንና የፋሲልን ግንብ የአንድ አባት ልጆች ናቸው የሚል ሰው ሁለቱን በደንብ አላያቸውም።

ታዲያ እጆቹ የማን ነበሩ?

በ1648 የየመን ኢማም መልእክተኛ ሐሰን ቢን አሕመድ አል ሐይሚ ጎንደር ገባ። ግንቡን አይቶ ተደንቋል፤ የግንባታው መሪ ከህንድ የመጣ ሰው እንደሆነም ጽፏል። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1770 ጎንደር የደረሰው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ደግሞ ግንቡን የሠሩት የህንድ ግንበኞችና፣ ከጀስዊቶች የግንባታ ሙያ ተምረው ሃይማኖታቸውን ግን ያልተቀበሉ ኢትዮጵያውያን እንደሆኑ ጽፏል።

ይህን የመጨረሻውን ነገር ቆም ብለን እንመልከተው። ሙያውን ተማሩ፤ እምነታቸውን ግን አልለወጡም። መምህሩ ከአገር ሲባረር ትምህርቱ አብሮት አልሄደም። እዚህ በሰው አገር ልጆች የምናሳድግ ሰዎች ይህ ነገር በደንብ የሚገባን ይመስለኛል።

ከእነዚህ ግንበኞች መካከል ቤተ እስራኤል ነበሩ። በጎንደር አካባቢ በግንበኝነት፣ በአናጢነት፣ በአንጥረኝነትና በሸክላ ሥራ የታወቁት እነርሱ ናቸው፤ የነገሥታቱ ሥራ ያለ እነርሱ እጅ አይቆምም ነበር። ነጋዴውና ሸማኔው ደግሞ በብዛት ሙስሊም ነበር። ከ1541 የቀሩት ወታደሮች የልጅ ልጆችም እዚያው አገር ነበሩ።

እዚህ ላይ ግን የታሪኩን መራራ ክፍል መዝለል አይገባንም። የዐፄ ፋሲል ልጅ ዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ በ1668 ጉባኤ ጠርተው ነበር። በዚያ ጉባኤ ሙስሊሞችም ቤተ እስራኤልም ከክርስቲያኑ ተለይተው በየራሳቸው ሰፈር እንዲኖሩ ተወሰነ። የፖርቹጋሎቹ ዘሮች ደግሞ ወይ እምነታቸውን እንዲለውጡ ወይ አገር ለቀው እንዲወጡ ታዘዘ፤ ብዙዎቹም ወደ ስናር ተሰደዱ። የከተማዋን ድንጋይ ከደረደሩት ሰዎች አንዳንዶቹ በከተማዋ መካከል እንዳይኖሩ ተደረገ ማለት ነው። ዛሬ እስራኤል አገር ከሚኖሩት ቤተ እስራኤል ብዙዎቹ አያት ቅድመ አያቶቻቸው የጎንደር አካባቢ ሰዎች ናቸው። “የፋሲል ግንብ የእኛም ነው” ቢሉ ማንም ሊከለክላቸው አይችልም። ይህን ለልጆቻችን ስንነግር የግንቡ ክብር አይቀንስም፤ ባለቤቶቹ ይበዛሉ እንጂ።

ድንጋዩን ያያያዘው ኖራ

ሌላ የሚረሳ ነገር አለ፤ እርሱም ኖራው ነው። ጥቁሩ ድንጋይ በጎንደር ምድር ሞልቷል፤ ለቅስቶቹና ለመስኮቶቹ ዙሪያ ደግሞ ለጥርብ የሚመች ቀላ ያለ ድንጋይ አለ። ነገር ግን እንዲህ ያለ ረጅም ቤት በጭቃ ብቻ አይቆምም። በኖራ የመገንባት ጥበብ በአካባቢው የተስፋፋው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ነው። የኖራ ድንጋይ ተፈልጎ በምድጃ ይቃጠላል፤ የተቃጠለው ድንጋይ ውኃ ሲፈስበት እየፈላ ይፈረፍራል፤ ከዚያ ከአሸዋ ጋር ይቦካል። ግድግዳው ላይ ከገባ በኋላ አየር እየወሰደ ቀስ በቀስ፣ በዓመታት ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል።

እዚህ የባሕሩ ዳርቻ ሰዎች “ቾካ” የሚሉት ይኸው ኖራ ነው። የስዋሂሊ ግንበኞች ከባሕር ውስጥ ዛጎል ድንጋይ እያወጡና እያቃጠሉ፣ ፖርቹጋሎች ከመምጣታቸው ብዙ ዘመን በፊት መስጊድና ቤት ይሠሩበት ነበር። ማሊንዲ አጠገብ ያለውን የጌዲን ፍርስራሽ ያየ ሰው ይህን ያውቃል። ኖራ የአንድ ሕዝብ ብቻ ሀብት ሆኖ አያውቅም። ከህንድ እስከ የመን፣ ከሞምባሳ እስከ ጎንደር በአንድ ባሕር ዙሪያ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈ ሙያ ነው።

አንድ ግንብ ሳይሆን አንድ ግቢ

“የፋሲል ግንብ” ስንል ብዙ ጊዜ የምናስበው አንዱን ትልቁን ሕንፃ ነው። ግቢው ግን 900 ሜትር ርዝመት ባለው የድንጋይ ቅጥር የተከበበ ሲሆን አሥራ ሁለት በሮች እንዳሉት ይነገራል። ስማቸው ራሱ ታሪክ ይናገራል፤ ፊት በር፣ ወምበር በር፣ ተዝካሮ በር፣ እምቢልታ በር፣ ባልደራስ በር፣ ራስ በር፣ እንኮዬ በር እያለ ይቀጥላል። በየትኛው በር ዳኛ፣ በየትኛው ሙዚቀኛ፣ በየትኛው ፈረሰኛ ይገባ እንደነበረ ከስሙ ብቻ መገመት ይቻላል።

ዐፄ ፋሲል በ1667 ሲያርፉ ተከታዮቻቸው የእርሳቸውን ቤት አፍርሰው የራሳቸውን አልተኩም፤ እየጨመሩበት ሄዱ። ዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ የጽሕፈትና የመጻሕፍት ቤት ሠሩ። ታላቁ ዐፄ ኢያሱ ጣሪያው እንደ ኮርቻ የሆነ ግንብ አሠሩ፤ በወርቅ፣ በዝሆን ጥርስና በመስተዋት የተጌጠ ነበር ይባላል። ደብረ ብርሃን ሥላሴንም የተከሉት እርሳቸው ናቸው። ዐፄ ዳዊት የዘፈን አዳራሽ፣ ዐፄ በካፋ ትልቅ የግብር አዳራሽ አሠሩ። የዐፄ በካፋ ባለቤት እቴጌ ምንትዋብ ደግሞ በልጃቸው በዐፄ ዳግማዊ ኢያሱ ዘመን በግቢው ውስጥ የራሳቸውን ግንብ፣ ከከተማው ወጣ ብሎም የቁስቋምን ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን አሠርተዋል። ልጆች፣ በተለይ ሴቶች ልጆች፣ ይህን ስም ያዙት፤ ከጎንደር ገንቢዎች አንዷ ሴት ናቸው።

ስለዚህ ግቢው የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። ከመቶ ዓመት በላይ፣ ሰባት ያህል ገዢዎች እየተቀባበሉ የሠሩት ነው። አንዱ የጀመረውን ሌላው ባያፈርስ ምን ያህል ርቀት እንደሚኬድ ያሳየናል። እኛም ዛሬ ኢዮቤልዩ የምናከብረው የመጀመሪያዎቹ የማኅበራችን አባላት የጀመሩትን የሚቀጥሉት ስላላፈረሱት ነው።

ግንቡ ያየው መከራ

በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ ግንቦቹን ጎዳ። በ1769 ዐፄ ኢዮአስ ተገድለው ዘመነ መሳፍንት ሲገባ ነገሥታቱ በግቢው ውስጥ ስም ብቻ ይዘው ቀሩ፤ ጠጋኝም ጠፋ። በ1866 ዐፄ ቴዎድሮስ ጎንደርን አቃጠሉ፤ ከአብያተ ክርስቲያናቱ የሰበሰቡትን መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት ወደ መቅደላ ወሰዱ፤ በ1868 የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ብዙውን ጭኖ ሄደ። በ1888 የመሐዲስቶች ጦር ከተማዋን ወርሮ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ፤ ከዚያ እሳት ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተረፈች።

ከ1936 በኋላ ጣሊያኖች ጎንደርን ያዙ፤ በግቢውም ውስጥ ገብተው ተቀመጡ። የፈራረሰውን ሲጠግኑ በኖራ ፋንታ ሲሚንቶ ተጠቀሙ። በ1941 በእንግሊዝ የአየር ድብደባ የዐፄ ኢያሱ ግንብ ክፉኛ ተመታ። የጣሊያን ጦር በምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻውን ምሽግ አስረክቦ እጁን የሰጠው እዚያው ጎንደር፣ ኅዳር ወር 1941 ነው። ከዚህ ከኬንያ የዘመቱ አፍሪካውያን ወታደሮችም በዚያ ውጊያ ነበሩበት። ስለዚህ ጎንደርን የሚያውቁ የኬንያ ሽማግሌዎች ነበሩ ስንል ተረት አይደለም።

በ1979 ዩኔስኮ “ፋሲል ግቢ” ብሎ በዓለም ቅርስነት መዘገበው። መዝገቡ ግቢውን ብቻ ሳይሆን የጥምቀቱን መዋኛ፣ ቁስቋምን፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴን፣ ጎርጎራንና ጉዛራንም ይጨምራል። ፎርት ጂሰስ የተመዘገበው በ2011 ነው፤ ይህን ለልጆቻችሁ ስትነግሩ ግን እንዳትፎክሩባቸው፤ ሞምባሳም የእነርሱ አገር ነው።

ስለ ጥገና አንድ ቃል

ሲሚንቶ ጠንካራ ስለሆነ ይሻላል የሚል ሰው ይኖራል። ለአሮጌ ግንብ ግን አይሻልም። ኖራ ይተነፍሳል፤ ክረምት የጠጣውን ውኃ በበጋ ያወጣዋል። ሲሚንቶ ውኃውን ከውስጥ ይቆልፈዋል፤ የተቆለፈው ውኃም መውጫ ሲያጣ ድንጋዩን ይበላዋል። በዚህ ምክንያት በኋላ የመጡት ጠጋኞች ወደ ኖራ ተመልሰዋል።

በ2024 እና በ2025 በግቢው ሰፊ የጥገና ሥራ ተካሂዷል። የግንቡ መልክ ነጣ ብሎ ሲታይ ብዙ ሰው ደነገጠ፤ በውጭም በአገር ውስጥም ክርክር ተነሣ። ክርክሩን እኔ ዛሬ አልፈርድበትም። አንድ ነገር ብቻ ልበል፤ ሰው የሚከራከረው ለሚወደው ነገር ነው። መከራከሩ መልካም ሆኖ ከክርክሩ በፊት ግን ኖራ ምን እንደሆነ፣ ግንቡም በምን እንደተሠራ ማወቅ ይገባናል። ከሥዕል ላይ ብቻ የሚያውቀው ሰው የሥዕሉ ቀለም ሲለወጥ ይደነግጣል፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ግን ትክክለኛውን ጥያቄ ይጠይቃል። ምን ዓይነት ኖራ ነው የገባው? ማን ነው የሠራው? የአካባቢው ወጣቶችስ ሙያውን ተማሩበት ወይ?

ለልጆቻችን የምንሰጠው መልስ

ወደ ጥያቄያችን ልመለስና ላጠቃልል። ልጃችሁ “የፋሲልን ግንብ ማን ሠራው?” ሲላችሁ እንዲህ በሉት። ያሠሩት ኢትዮጵያዊው ንጉሥ ዐፄ ፋሲል ናቸው። የሠሩት ኢትዮጵያውያን ግንበኞች ናቸው፤ ከእነርሱም መካከል ቤተ እስራኤል ነበሩ። አብረዋቸው ከህንድ የመጡ ባለሙያዎች ሠርተዋል፤ ሙያውንም በከፊል በኋላ ከተባረሩት ካህናት ተምረውታል። ፖርቹጋሎች የሠሩት ሞምባሳ ያለውን ነው፤ ሁለቱን አስተያይ። ይህ መልስ ከ“አዎ” እና ከ“አይደለም” ረዘም ይላል፤ ልጁ ግን አድጎ መጽሐፍ ሲያነብ የሚያፈርስበት አይሆንም።

ሁለት ነገር ደግሞ አደራ እላለሁ። አንደኛ፣ ለጥምቀትም ሆነ ለዕረፍት ጎንደር የምትሄዱ ወላጆች፣ ከልጆቹ ጋር ፎቶግራፍ ተነሥታችሁ ብቻ አትውጡ። በሮቹን በስማቸው አስጠሯቸው፤ በድንጋዮቹ መካከል ያለውን ኖራ አሳዩአቸው፤ ከግቢው ወጥታችሁም እስከ ቁስቋም ውሰዷቸው። ሁለተኛ፣ መንገዱ የማይመች ከሆነና መሄድ ካልቻላችሁ፣ ልጆቹን ይዛችሁ ፎርት ጂሰስ ውረዱ። እዚያ ቆማችሁ ስለ ጎንደር ንገሯቸው፤ ልዩነቱን በዓይናቸው ሲያዩት አይረሱትም።

በቤታችሁም ከሥዕሉ ሥር አንዲት ትንሽ ወረቀት ለጥፉ፤ የዐፄ ፋሲልን ስም፣ የእቴጌ ምንትዋብን ስም፣ ከዚያም “ስማቸው ያልተጻፈ ግንበኞች” ብላችሁ ጻፉበት።